ቤቱ ሲያንስ መብቱ እንዳያንስ፦ የጓሳ ዙሪያ አረጋውያንና የእርጅና ጎጆ

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የመንዝ ደጋ ሌሊቱን በውርጭ ያሳልፋል። በጓሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል፤ የኩበት ጭስም ከየቤቱ ቀስ እያለ ይወጣል። በብዙ ግቢዎች ግን ጭሱ ከአንድ ቤት ብቻ አይወጣም። ቆርቆሮ የለበሰው ትልቁ ቤት ትዳር የያዘው ልጅ ነው። ከጎኑ ያለችው፣ ክዳኗ ገና ሣር የሆነው ትንሿ ጎጆ የአባት ወይም የእናት ናት።

ይህ ከትልቁ ቤት ወደ ትንሿ ጎጆ የሚደረግ ጉዞ ርቀቱ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም። የሚጓጓዝ ዕቃም እምብዛም የለም፤ ዝተት፣ ማሰሮ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ምርኩዝ። "አባታችን ቤት ለቀቁ" የሚልም አይገኝም፤ "ለልጃቸው አስረከቡ" ነው የሚባለው። ከቃሉ መረዳት እንደሚቻለው ጉዳዩ የመኖሪያ ለውጥ ብቻ አይደለም። በዚያ ሃያ እርምጃ ውስጥ ከቤቱ ጋር የእርሻ መሬቱ፣ በሬዎቹ፣ ጎታው፣ በመጨረሻም በቤተሰቡ ጉዳይ የመወሰን ሥልጣኑ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

በእርጅና ዘመን ወደ አነስተኛ ቤት መግባት በራሱ ጉዳት የለውም። ለማሞቅ ይቀላል፣ ለመጥረግ ይቀላል፣ ለደከመ ጉልበት ይመቻል። ጉዳት የሚመጣው ቤቱ ሲያንስ መብቱም አብሮ ሲያንስ ነው። የጓሳ ዙሪያ አረጋውያን ጥያቄም እዚህ ላይ ነው፤ ቤትን መቀነስና መሬትን ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ሆነው ሳሉ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል፣ ያለ ጽሑፍ ይፈጸማሉ።

ትልቁ ቤት ለምን ትልቅ ሆነ?

የመንዝ ገበሬ ቤት ትልቅነቱ ከሚሠራው ሥራ የመጣ ነው። ግድግዳው ከድንጋይ የተካበው ቤት ለሰው ማደሪያ ብቻ የታሰበ አይደለም። ገብሱና ባቄላው በጎታ ይቀመጥበታል፤ በጉና ጥጃው በጋጡ ያድርበታል፤ ምድጃው፣ መደቡና ጓዳው እያንዳንዳቸው ቦታ ይፈልጋሉ። እንስሳቱ ራሳቸው የቤቱ ሙቀት ናቸው፤ የሰውና የከብት ትንፋሽ፣ የምድጃው እሳትና የሣሩ ክዳን ተደጋግፈው ውርጩን ይመልሳሉ።

በዚህ የተነሣ እርሻው ሲተላለፍ ትልቁ ቤት ለአረጋዊው ሸክም ይሆናል። ጎታው ባዶ ነው፤ ከብቱ ወደ ልጅ በረት ሄዷል፤ ልጆቹ ወጥተዋል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚነደው እሳት ሰፊውን ቤት አያሞቀውም፤ ኩበት ጠፍጥፎ፣ ጭራሮ ለቅሞ የሚያመጣ ጉልበትም የለም። ስለዚህ ጎጆዋ የድህነት ምልክት ተደርጋ ብቻ መታየት የለባትም፤ ለደጋ ብርድ የተሰጠ ብልህ መልስም ናት።

የጎጆዋ ክዳን ደግሞ ከጓሳ ጋር ያገናኛታል። ጓሳ የቦታ ስም ብቻ ሳይሆን የሣር ስም ነው። ይህ ጠንካራ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ይህ መሬት ለብዙዎች የሚታወቀው በቀይ ቀበሮና በጭላዳ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ከሁሉ በፊት የጣራው ምንጭ ነው። ሣር ለማጨድና ተሸክሞ ለማምጣት ጉልበት ላጡ አዛውንት ደግሞ ክዳኑ የጎረቤትና የልጅ እጅ ይጠይቃል። ክዳን ሲያፈስ የሚያድስላቸው ማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ የሚጦራቸው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም።

መሬት ያልደረሰው ትውልድ

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የጠነከረበት ምክንያት ከመሬት ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። መንዝ የርስት አገር ነበር። አንድ ሰው የመሬት ድርሻውን የሚጠይቀው ከአቅኚ አባት ድረስ የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ነበር። የጓሳ መሬትም ቢሆን አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች በሚቆጠር ዘር የጋራ ሀብት ሆኖ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ ኖሯል። በዚያ ሥርዓት አረጋዊ ሰው ዋጋው በጉልበቱ ብቻ አይለካም ነበር። የዘር ሐረጉን የሚያውቅ፣ በድንበር ክርክር የሚመሰክር እርሱ ነበርና፣ ጉልበቱ ቢደክም ዕውቀቱ ያስከብረዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ። መሬት በትውልድ ሐረግ መቆጠሩ ቀርቶ በገበሬ ማኅበር የሚደለደል ሆነ። የጓሳ ጥበቃ ሥርዓት የነበረው ቄሮም በዚያው ለውጥ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ ለተወለደና ለአካለ መጠን ለደረሰ ወጣት ዋናዎቹ የመሬት በሮች ሦስት ናቸው፤ ውርስ፣ ስጦታና ኪራይ። ኪራይ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውርስ ሞትን ይጠብቃል። የቀረው ስጦታ ነው።

ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስት ያገባ፣ ልጅ የወለደና የራሱ ማሳ የሌለው ጎልማሳ ዓይኑ በአባቱ መሬት ላይ ቢያርፍ ሊወቀስ አይገባም። አባቱም "ጉልበቴ ሳይከዳኝ አልለቅም" ቢሉ አይወቀሱም። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ የእነርሱ ክፋት ሳይሆን፣ አንድ ማሳ ለሁለት ትውልድ በአንድ ጊዜ እንዲበቃ መጠየቁ ነው። የመንዝ ማሳ ደግሞ ጠባብ ነው፤ በውርጭና በበረዶም ይጠቃል፤ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱንም ቤት የማያጠግብበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስት መንገዶች

በጓሳ ዙሪያ ያሉ አረጋውያን ትልቁን ቤት ሲለቁ በአመዛኙ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይከተላሉ።

የመጀመሪያው በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ጎጆ መግባት ነው። ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው፤ ጥቅሙም ግልጽ ነው። አረጋዊው ከቀዬው አይርቅም፤ ማኅበሩ፣ ዕድሩና ቤተ ክርስቲያኑ እንዳሉ ናቸው፤ የልጅ ልጅ እሳት ይጭርለታል። የዚህ መንገድ ድካም የሚገኘው በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። ምሳው ከትልቁ ቤት ይመጣል። የሚመጣው በምራቷ እጅ ነው፤ መጠኑም በዓመቱ ምርት ይወሰናል። ፍቅር ባለበት ቤት ይህ አይቆጠርም። ክረምቱ ሲከፋና ጎታው ሲጎድል ግን የተላከው እንጀራ መቁጠር ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ አረጋውያን፣ በተለይ እናቶች፣ ቆብ ደፍተው ይመነኩሳሉ፤ ንብረታቸውን ለልጆቻቸው አከፋፍለው በደብሩ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ጎጆ ይኖራሉ። ይህ በአገሪቱ ደጋማ ክፍል የቆየ ልማድ ነው፤ ትርጉሙም ከቤት ጉዳይ እጅግ ይሰፋል። ዓለምን ትቶ ለነፍስ ማደር ለአረጋዊ ሰው የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስከብር ነው። በሌላ ቤት "ከልጆቿ ጋር ተጣልታ ወጣች" የሚባለው እዚህ "መነኮሰች" ተብሎ በአክብሮት ይነገራል። ቢሆንም ምንኩስና የዕለት እንጀራን አያስቀርም። ንብረቷን ሁሉ ያከፋፈለች እናት ዓመታት እያለፉ ሲሄዱና ሰውነቷ ሲደክም፣ በበዓላት ምጽዋትና በልጆቿ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ቆማ ልትገኝ ትችላለች።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ከተማ ያመራል። ልጆቻቸው በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ የሚኖሩ አረጋውያን ለሕክምናም ለመጦርም ወደዚያው ይሄዳሉ። የሚገቡበት ቤት ብዙ ጊዜ የተከራየ አንድ ክፍል ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ከአንድ ክፍል ስቱዲዮ አንሥቶ እስከ ባለ ሦስት መኝታ ይደርሳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻዎች አሳንሰር የላቸውም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ሲወጡ የኖሩ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ሲገቡ የሚሰናከሉት በደረጃው ብቻ አይደለም፤ ከደጃቸው መሬት ባለመኖሩ ነው። ቆፍረው ጎመን የሚተክሉበት፣ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ የሚፈትሉበት፣ አላፊ አግዳሚውን "እንዴት አደራችሁ" የሚሉበት ደጅ የለም።

በአዲስ አበባ ተወልደው ያረጁትም ቢሆኑ ከዚህ ዕጣ ነፃ አይደሉም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወርሶ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሲያስቀር፣ ብዙ ባለቤቶች ሰፊውን ቤታቸውን አጥተው በአነስተኛው ቀርተዋል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከመሰል ነባር ሰፈሮች የተነሡ አረጋውያን ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። የአዲሱ ቤት ግድግዳና መጸዳጃ ከአሮጌው ሊሻል ይችላል፤ ዕድሩ፣ ጠበሉና የአርባ ዓመት ጎረቤት ግን በመኪና ተጭነው አይሄዱም። አነስተኛ ቤት መግባት ከቀዬ መለየትን ሲጨምር ዋጋው እጥፍ መሆኑን የከተማው ልምድ ያሳያል። በመንዝ ግቢ ያለችው ጎጆ ትልቁ ሀብቷ አረጋዊውን ከቀዬው አለመለየቷ ነው።

ስጦታ ወይስ ኑዛዜ?

ሦስቱም መንገዶች በአንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ እርሱም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬዎች ሲሰጥ የቆየው ይህ ደብተር የባልና የሚስት ስም በጋራ የሚሰፍርበት ነው። መሬት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ በሌሎች አገሮች እንደሚደረገው ሰፊውን ሸጦ ጠባቡን ገዝቶ፣ በልዩነቱ እርጅናን መግፋት ለመንዝ ገበሬ አይቻልም። ያለው ሀብት የመጠቀም መብት ነው። መብቱ በእጁ እስካለ ድረስ አረጋዊው ማሳውን በእኩል ይሰጣል፣ ያከራያል፣ ያወርሳል፤ መብቱን ካስተላለፈ በኋላ ግን ጎጆዋ ብቻ ትቀራለች።

የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ፣ ማለትም የ1998 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 133 እና እርሱን የተካው የ2009 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 252፣ ባለይዞታው መብቱን በስጦታም በኑዛዜም እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በአረጋዊ ሕይወት ውስጥ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ስጦታ በጽሑፍ ሆኖ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ወዲያውኑ ይጸናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለመብቱ ልጅ ነው። አባት በኋላ ቢጸጸቱ ማሳውን ለማስመለስ የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት ይጠብቃቸዋል፤ ከሳሽና ተከሳሽም አባትና ልጅ ይሆናሉ። ኑዛዜ ግን የሚጸናው ተናዛዡ ሲሞት ነው። እስከዚያ ድረስ መሬቱ የእርሱ ነው፤ ሐሳቡን ቢለውጥ ሊሽረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል አረጋዊ ይህ ሥርዓት ይመቻል፤ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፣ ምስክሮቹ ይሰሙለታል።

ለወጣቱ ግን ኑዛዜ የዛሬን ረሀብ አያስታግስም። አባቱ ሰባ ዓመታቸው ቢሆን፣ ዕድሜ ሰጥቷቸው ሃያ ዓመት ቢኖሩ፣ እርሱ በአምሳ ዓመቱ ነው ባለመሬት የሚሆነው። በመካከል ያለው መንገድ በጽሑፍ የተያዘ ኪራይ ወይም የእኩል እርሻ ውል ነው። ልጅ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላል፤ ደብተሩ በወላጅ ስም ይቆያል፤ ኑዛዜውም ለዚያው ልጅ ይጻፋል። ከፊሉን ሰጥቶ ከፊሉን ማስቀረትም ይቻላል። እነዚህ አማራጮች አዲስ አይደሉም፤ ባል የሞተባቸውና በሬ የሌላቸው እናቶች ማሳቸውን በእኩል ሲያሳርሱ ኖረዋል። የጎደለው ከራስ ልጅ ጋር መዋዋልን እንደ ነውር አለመቁጠር ነው። "ከአብራኬ ክፋይ ጋር ውል እጽፋለሁን?" የሚለው ስሜት ብዙ አባቶችን ከወረቀት ያርቃቸዋል።

ወደ ከተማ ለሚሄዱ አረጋውያን ውሉ ሌላም ጥቅም አለው። መሬትን ለረጅም ጊዜ ጾም ማሳደር መብትን አደጋ ላይ ይጥላል። በሕጋዊ ኪራይ የተያዘ ማሳ ግን ባለቤቱ ደብረ ብርሃን ሆኖ ቢታከምም ባለቤት አለው።

ሕጉ ለወላጅ ሌላም ጥላ አበጅቷል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ የ1995 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 79፣ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታን ያውቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን መንግሥት ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ የምግብ ዋስትና ችግር ባለባቸው ወረዳዎች የሚካሄደው የልማታዊ ሴፍቲ ኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ይሁን እንጂ መደበኛ የጡረታ አበል የተቀጣሪ ሠራተኞች ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከቆየ ጀምሮ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛውም ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ታቅፎበታል፤ ገበሬው ግን ከዚህ ውጪ ነው። ለገበሬ ጡረታው መሬቱ ነው። ያለ ውል መሬቱን የሰጠ ገበሬ ጡረታውን ያለ ደረሰኝ እንዳስረከበ ይቆጠራል።

ሌሎች እንዴት ፈቱት?

ይህ ችግር የመንዝ ብቻ አይደለም፤ መሬት ጠባብ በሆነበትና ቤተሰብ በእርሻ በሚተዳደርበት ቦታ ሁሉ ታይቷል። በኦስትሪያና በጀርመን የገጠር አካባቢዎች አዛውንት ገበሬ እርሻውን ለልጁ ሲያስረክብ በግቢው ዳር ወዳለች ትንሽ ቤት ይገባ ነበር። ርክክቡ ግን በቃል አልነበረም። በየዓመቱ ስንት ኩንታል እህል፣ ስንት ሸክም ማገዶ፣ በቀን ስንት ወተት ለወላጆች እንደሚሰጥ በውሉ ላይ አንድ በአንድ ይዘረዘር ነበር። በኖርዌይም በእርሻ ግቢ ውስጥ ለአዛውንቶቹ የሚሆን ሁለተኛ ቤት የማኖር ልማድ እስከ ዛሬ አለ። በአየርላንድ የክሌር አውራጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጥናት ያካሄዱት አሜሪካውያን አርንስበርግና ኪምቦል እንደጻፉት፣ ልጅ አግብቶ እርሻውን ሲረከብ ሽማግሌዎቹ በቤቱ ውስጥ ወደ ምዕራቡ ክፍል ይገባሉ፤ ያ ክፍል የቤተሰቡ የክብር ዕቃዎች የሚቀመጡበት ነበር።

ከነዚህ ልምዶች ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው፣ ወተትና ማገዶን በጽሑፍ መዘርዘር የፍቅር ማነስ ምልክት ተደርጎ አልተወሰደም። እንዲያውም ምራትና አማት በየዕለቱ እንዳይከራከሩ ያደረገው እርሱ ነበር፤ የሚሰጠው አስቀድሞ ስለታወቀ ሰጪም አይኩራራም፣ ተቀባይም አይሸማቀቅም። ሁለተኛው፣ ትንሹ ክፍል የክብር ቦታ መሆን መቻሉ ነው። መንዝም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ የመነኩሲቷ ጎጆ በአገሩ ከሁሉ ትንሿ ቤት ሆና ሳለች ሰው ሁሉ ተሳልሞ የሚገባባት ናት።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

በአገራችን ከሚዘወተሩ ምርቃቶች አንዱ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ" የሚል ነው። ጡረታ የሚለው የመሥሪያ ቤት ቃልም የተገኘው ከዚሁ ከመጦር ነው። ምርቃቱ የጧሪን አስፈላጊነት ያውቃል፤ ጧሪው እንዴት እንደሚጦር ግን ለጧሪው ሕሊና ይተወዋል። በሌላ በኩል "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" የሚል አባባልም አለን። አገሩ ሁለቱንም ያውቃል፤ በእርጅና ጎጆ ጉዳይ ግን እስካሁን የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚሠራበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ከወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ሊጀመር ይችላል። አንድ አረጋዊ ይዞታውን ለልጁ በስጦታ ሊያስመዘግብ ሲቀርብ፣ ባለሙያው ከመመዝገቡ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ለብቻው ወስዶ ቢጠይቀው ብዙ ሐዘን ይቀራል፤ "በስጦታና በኑዛዜ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃሉ?"፣ "ከዛሬ በኋላ የሚኖሩት በምንድን ነው?" ጥያቄው ስጦታን ለመከልከል አይደለም፤ ሰጪው የሚሰጠውን አውቆ እንዲሰጥ ለማድረግ ነው። ደብተሩ የጋራ በሆነበት ቤት ደግሞ እናቲቱም በራሷ አንደበት ልትጠየቅ ይገባል፤ ባል ሲሞት በጎጆዋ የምትቀረው ብዙ ጊዜ እርሷ ናትና።

ሁለተኛው እርምጃ የሽማግሌዎችና የዕድር ነው። መንዝ በእርቅና በሽምግልና የታወቀ አገር ነው። ጋብቻ ሲመሠረት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሚሰጠው ከብት ይቆጠራል፣ ቃል ይታሰራል። ወላጅ ትልቁን ቤት ሲያስረክብም ያው ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ በዓመት የሚሰፈረው ገብስ፣ ለበዓል የሚታረደው በግ፣ የጎጆዋ ክዳን የሚታደስበት ጊዜና የሕክምና ወጪው ተነግሮ ቢጻፍ፣ ነውርነቱ ይቀርና ሥርዓት ይሆናል። ከልጆቹ መካከል የሚጦረው አንዱ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ በምስክርነት መገኘታቸው ከሞት በኋላ የሚነሣውን የውርስ ክርክር አስቀድሞ ያበርደዋል።

ሦስተኛው ከቤቱ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ ግቢዎች ጎጆዋ የምትሠራው ከትልቁ ቤት በተረፈ ዕቃ ነው። በሩ ጠባብ፣ መድረኩ ከፍ ያለ፣ ጭስ መውጫው የሌለ ይሆናል። የአረጋዊ ቤት ትንሽ መሆን ይችላል፤ መጥፎ መሆን ግን የለበትም። ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ ከነፋሱ የዞረ በር፣ ጭስ የሚያወጣ ምድጃ፣ ቅርብ የሆነ መጸዳጃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሣር ክዳኑም ከቆርቆሮ ይልቅ ሌሊቱን ይሞቃል፤ ችግሩ የሚያድሰው እጅ መፈለጉ ነው።

ለዚህ ደግሞ የአካባቢው ሰው ከሩቅ መማር አያስፈልገውም። የጓሳ ሣር ለዘመናት የቆየው በበጎ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚጠብቅ በሥርዓት ተወስኖ ስለነበር ነው። ቄሮ ተመርጦ ይጠብቅ ነበር፤ መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በአዋጅ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ ለውጥ በኋላ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ በክልሉም ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ለሣር ውል የገባ ማኅበረሰብ ለአረጋውያኑም ውል መግባት አያቅተውም። በየዓመቱ ጓሳው ለአጨዳ ሲከፈት ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ድርሻቸውን የሚያጭድና ክዳናቸውን የሚያድስ የወንፈል ቀን ቢመደብ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን ስምምነት ነው።

መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ የሚታሰበው ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን በከተሞች በንግግርና በስጦታ ያልፋል። በጓሳ ዙሪያ ግን ዕለቱ የሚውለው ከአጨዳ በፊት፣ ጎታ በሚጎድልበት ወቅት ነው። ጎጆዋ ከትልቁ ቤት የምትጠብቀው በዛ የሚልበት ወር ነው ማለት ነው። በዚያ ወር እንጀራው በውል የሚመጣላት እናትና በዕድል የሚመጣላት እናት የሚኖሩባቸው ጎጆዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነታቸው ያለው በሣጥን ውስጥ በተቀመጠችው ወረቀት ላይ ነው።